የቱን ቁጥር ልመን ላልሽው

እህቴ፣ ስለ አዲስ አበባ ዳርቻ መስፋፋት የመመረቂያ ጽሑፍ እየሠራሽ ነው። የከተማዋን ሕዝብ ብዛት ስትፈልጊ አንዱ ድረ ገጽ ከ3 ሚሊዮን በላይ፣ ሌላው ከ5 ሚሊዮን በላይ ይላል፤ የቱን ልመን ብለሻል። እኔም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ መብራት ሲጠፋ በስልክ ዳታ እየፈለግሁ፣ በዚሁ ጥያቄ ስንት ሌሊት አምሽቻለሁ።

አገራችን ሕዝቧን ለመጨረሻ ጊዜ የቆጠረችው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ አዲስ አበባ 2,739,551 ሰው ተቆጠረባት። ከዚያ ወዲህ የምታዪው ሁሉ ትንበያ ወይም ግምት ነው። ስለዚህ ሁለቱም ላይዋሹ ይችላሉ። አንዱ የቆየ ዓመት ይዞ ይሆናል። ሌላው ለገጣፎን፣ ቡራዩንና ሰበታን ደርቦ ቆጥሮ ይሆናል። እነዚህ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ውስጥ ገብተዋል።

እኔን ጉድ የሠራኝ ዓመቱ ነው። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ 2007 ይላል። እኔም በአማርኛ «በ2007 በተደረገው ቆጠራ» ብዬ ቁጭ አደረግኋት። አማካሪዬ በቀይ ከበባትና ከጎኗ «በማን አቆጣጠር?» ብሎ ጻፈ። ለካ ስምንት ዓመት ስቻለሁ! ያውም «አማርኛ ድረ ገጾች ላይ ሁሉ እንደዚህ ነው» ብዬ ተከራክሬያለሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ ጎን ለጎን ሳነባቸው ዓረፍተ ነገሩ አንድ፣ የፊደል ግድፈቱ እንኳ አንድ። ተገለባብጠዋል። ብዙ ምስክር ያለኝ መስሎኝ ነበር፤ ያለኝ አንድ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቁጥር ሳገኝ «እናትህ ማን ናት?» እለዋለሁ። ዊኪፔዲያም ቢሆን ጽሑፉን ሳይሆን ግርጌውን ነው የማየው፤ እሱን ተከትዬ ዋናውን ሪፖርት እከፍታለሁ። የድሮዎቹ ሪፖርቶች «ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ» በሚለው ስም ነው የወጡት። መሥሪያ ቤቱ ዛሬ «የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት» ይባላል፤ በሁለቱም ስም ፈልጊ። የቦታ ስምም እንደዚሁ። ለገጣፎን በእንግሊዝኛው አጻጻፍ ብቻ ፈልገሽ «የለም» አትበይ፤ በቁቤም ሞክሪው። አቃቂንም በ«ኬ»ም በ«ኪው»ም።

ጥናት ከሆነ ጎግል ስኮላር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎችም በነፃ ይገኛሉ። እኔ መጀመሪያ የማነበው ዘዴውን ነው፤ ስንት ሰው ጠየቁ፣ የት፣ መቼ? አንድ ኮንዶሚኒየም ውስጥ 60 አባወራ ጠይቆ ስለ አዲስ አበባ ዳርቻ በሙሉ የሚደመድም አጋጥሞኛል። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ማጣቀሻ ዝርዝሩን እወስድና መደምደሚያውን እተወዋለሁ።

ቻትጂፒቲ ማጣቀሻ ሲሰጥሽ ርዕሱን ስኮላር ላይ ፈልጊው። የሌለ ጥናት ፈጥሮ ከነገጹ ሊሰጥሽ ይችላል። ቴሌግራም ላይ ሽፋኑ ተቆርጦ የሚዞር ፒዲኤፍ ደግሞ እኔ ጭራሽ አልነካም።

ያገኘሽውን ሪፖርት ወዲያው አውርጂው፤ የመንግሥት ድረ ገጾች በፈለግሻቸው ቀን አይከፈቱም። ከጠፋብሽ አድራሻውን የድረ ገጾችን የድሮ ቅጂ በሚያስቀምጠው ዌይባክ ማሽን ላይ ሞክሪ።

አሁን ሁለቱን ድረ ገጾች መልሰሽ ክፈቺና ቁጥሩ የየትኛው ዓመት እንደሆነ፣ ወሰኑም እስከየት እንደሆነ እዪልኝ። ካልተጻፈበት ሁለቱንም ተያቸውና የስታቲስቲክስ አገልግሎቱን ትንበያ ያዢ፤ ስትጽፊ ግን «ትንበያ» የምትለዋን ቃል እንዳትረሺ።