ባለ 2 ጊጋዋ ዴስክቶፕ

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ውስጥ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ያለኝ ኮምፒውተር አንድ ነው፤ ሁለተኛ ትውልድ ኮር አይ3 ዴስክቶፕ፣ ራሟ 2 ጊጋ፣ ዊንዶውስ 10 የተጫነባት። ወርድ ላይ እየጻፍኩ ደንበኛ በቴሌግራም ፋይል ሲልክልኝ፣ በዚያ ላይ ስካነር ስከፍት ቀጥ ትላለች። አንዱ «ራም የሚያጸዳ ፕሮግራም ጫኚ» ይለኛል፣ ሌላው «በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ አስገቢ»። የቱን ልስማ?
(የጽሕፈት ቤቷ ባለቤት)

መልስ፦ የመጀመሪያውን ሰውዬ አይስሙት። ራም አጽጂ የሚባሉት ራሳቸውም ራም ይበላሉ። ራም ላይ ያለውን ወደ ሃርድ ዲስክ ይገፉና አጸዳን ይላሉ። ወደ ወርድ ሲመለሱ ያው ከዲስኩ እስኪመጣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው።

እስቲ ስታክ ማድረግ ስትጀምር ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ይጫኑ፤ ታስክ ማኔጀር ይከፈታል። ሜሞሪ የሚለው ከ90 ፐርሰንት ካለፈ፣ ዲስክ የሚለውም 100 ላይ ከተገተረ፣ ጠረጴዛዋ (ራሟ) ሞልቶ ወረቀቱን ጓዳ (ሃርድ ዲስክ) እያመላለሰች ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ሌላ ፕሮግራም ሳይሆን ራም ነው። ያገለገለ ባለ 4 ጊጋ ዲዲአር3 ይግዙላት። የላፕቶፕ እንዳይሰጡዎት ግን፤ እሱ አጭር ነው፣ አይገባም።

ሁለተኛው ሰው ግማሽ እውነት አለው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ይህችን ማሽን በወጉ አይቀበላትም፤ ከኢንቴል የሚፈልገው ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ነው። ሊኑክስ ሚንት ግን ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ቀለል ያለው ዓይነት አለው። በ2 ጊጋ ይነሳል፣ በ4 ጊጋ ይመቻል።

እዚህ ላይ አንድ ጊዜ ተዋርጃለሁ። የእህቴን ዊንዶውስ ሙልጭ አድርጌ አጥፍቼ ሚንት ጫንኩላት። ማሽኗ በረረች፣ እኔም ተኮፈስኩ። ማታ ደወለች። «ፓወር ግዕዜን የት አደረስከው?» ለካ ዓመታት በሙሉ አማርኛ የጻፈችው በዚህ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። ቢከፈት ደግሞ የድሮ ደብዳቤዎቿ በእንግሊዝኛ ፊደል ተተራምሰው መጡ፤ ፎንቱም አብሮ ጠፍቷላ! በማግስቱ ዊንዶውሱን መለስኩላት።

ስለዚህ የሚወስነው የአማርኛ መጻፊያዎ ነው። እንደ እህቴ ከሆኑ ራሙን ጨምረው ዊንዶውስዎ ላይ ይቆዩ፤ ቴሌግራም ማሽኗ ስትነሳ አብሮ እንዳይነሳ ያጥፉት፣ የብሮውዘር ታብም አይከምሩ። በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ በሚያውቁት የፊደል አሠራር) የሚጽፉ ከሆነ ግን ሚንት ላይም በአማርኛ መጻፍ ይቻላል። የደንበኛ ፍላሽ ሁሉንም ፋይል ሾርትከት የሚያደርገው ያ ቫይረስም እዚያ አይሠራም፤ ለእርስዎ ሥራ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከመጫንዎ በፊት ሚንቱን ፍላሽ ላይ አድርገው ከፍላሹ ያስነሱት። ትንሽ ይንቀራፈፋል፣ ይታገሡት። አንድ መታወቂያ ስካን አድርገው ፕሪንት ይበሉ። ስካነሩን ካላወቀው ፍላሹን ይንቀሉ፤ ዊንዶውስዎ እንደነበረ ይጠብቅዎታል።