ጎርፍ የገባበት የቆየ የጭነት መኪና፦ ጥያቄና መልስ

ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች በናፍጣ የሚሠሩ፣ ናፍጣውን በሜካኒካል ፓምፕ የሚረጩና ኮምፒዩተር የሌላቸውን የቆዩ የጭነት መኪኖች የሚመለከቱ ናቸው። እንዲህ ያሉትን መኪኖች ፈትቼ በመግጠም ረጅም ጊዜ ያሳለፍሁ በመሆኔ፣ በእጄ ሠርቼ ያየሁትን ብቻ ለመመለስ ሞክሬያለሁ።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ቆሞ ሳለ ጎርፍ እስከ ጋቢናው ወለል ድረስ ደረሰበት። ውኃው ከሸሸ ሁለት ቀን ሆኖታል። ሞተሩ ደኅና መሆኑን ለማወቅ አንድ ጊዜ ብቻ ላስነሣው?

እባክዎ ቁልፉን አይንኩት፤ ውኃው ያላደረሰውን ጉዳት ያ «አንድ ጊዜ ብቻ» ሊያደርሰው ይችላል። አየር ይታመቃል፣ ውኃ ግን አይታመቅም። እያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ ሊትር የሚይዝና የመጭመቅ መጠኑ 17 ለ 1 የሆነ ሞተር ብንወስድ፣ ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ሲደርስ ከበላዩ የሚቀረው ክፍት ቦታ 62 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ይህም አንዲት ሲኒ የማይሞላ መጠን ነው። ከዚያ የበለጠ ውኃ ካለ ፒስተኑ መድረሻ ያጣል። ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሣው የኤሌክትሪክ ሞተር) ብቻውን ከሆነ ብዙ ጊዜ አቅቶት ይቆማል፤ ውኃ ያልገባበት ሌላው ሲሊንደር ከተቀጣጠለ ግን ቢዬላው (ፒስተኑን ከታች ከሚዞረው ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ክንድ) ይጎብጣል፣ አንዳንዴም ተሰብሮ የሞተሩን ግድግዳ ይበሳል።

ዛሬውኑ የሚሠራው ሥራ ሌላ ነው። የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ አስቀድመው ይፍቱ፤ ጎማዎቹን በድንጋይ ወይም በእንጨት ደግፈው የእጅ ፍሬኑን ይልቀቁ፤ አለዚያ የፍሬን ሸራው በዝገት ከታምቡሩ (ከጎማው ጋር ከሚዞረው የፍሬን ከበሮ) ጋር ይጣበቃል።

ጥያቄ፦ ሞተሩ ውስጥ ውኃ መግባቱን ሳልፈታው ማወቅ የምችለው በምንድን ነው?

በመጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን ቤት ይክፈቱ። የፊልትሮው ወረቀት ረጥቦ ወይም ጭቃ ይዞ ከተገኘ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ቱቦ ውስጡ በጣት ሲዳሰስ ደለል ካለው፣ ውኃው ሲሊንደር ደርሷል ብለው ይነሡ።

ቀጥሎ ወደ ዘይቱ ይሂዱ። የዘይት መለኪያው ከወትሮው ከፍ ብሎ ማሳየቱ አንድ ምልክት ነው፤ ይበልጥ የሚታመነው ግን የማፍሰሻው ቡሎን ነው። ቡሎኑን ሙሉ በሙሉ ሳያወጡ በሩብ ዙር በሩብ ዙር ያላሉት። ውኃ ከዘይት ስለሚከብድ ከታች ተኝቶ ይቆያል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚንጠባጠበው ድፍርስ ውኃ ይሆናል፣ ቀጥሎ ውኃና ዘይት እየተፈራረቁ በክር በክር ይወርዳሉ፣ በመጨረሻም ጥቁሩ ዘይት ብቻውን ይመጣል። ውኃውና ዘይቱ እንዲህ ተለያይተው ከወጡ ሞተሩ ውኃ ከገባበት ወዲህ አልዞረም ማለት ነው። ወተት የተቀላቀለበት ቡና የመሰለ ዘይት ከወጣ ግን አንድ ሰው አስነሥቶታል ወይም ለማስነሣት ሞክሯል። ባለንብረቱ «ማንም አልነካውም» ብሎኝ ዘይቱ ሌላ የመሰከረበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ጥያቄ፦ እኔ ግን ሁለት ጊዜ ሞክሬዋለሁ። ሁለተኛው ላይ «ጧ» ብሎ ቀጥ አለ። አሁን ምን ይደረግ?

ኢንጀክተሮቹን (ናፍጣውን ወደ ሲሊንደር የሚረጩትን) በሙሉ ያውጡና ሞተሩን ከፊት ባለው በፑሌጃው (ቺንጋው በሚዞርበት ጎማ) ቡሎን በኩል በረጅም ቁልፍ በእጅዎ ቀስ አድርገው ሁለት ሙሉ ዙር ያዙሩት። ፊትዎን ከቀዳዳዎቹ በላይ አያድርጉ፤ ውኃው በኃይል ተወርውሮ ይወጣል። ከዚያ በእያንዳንዱ ሲሊንደር ጥቂት ንጹሕ ዘይት ጨምረው እንደገና ያዙሩት፤ የሲሊንደሩ ግድግዳ መዛግ የሚፈጥነው ውኃው ወጥቶ አየር ሲያገኘው ነውና።

ቢዬላ መጉበጡን ለመለየት፣ ቀዳዳው ወደ ፒስተኑ በቀጥታ የሚያሳይ ሞተር ከሆነ ቀጭን ዘንግ አስገብተው ፒስተኖቹ ጫፍ ሲደርሱ ያላቸውን ከፍታ አንድ በአንድ ያነጻጽሩ። የጎበጠ ቢዬላ ያጥራል፤ ፒስተኑም ከጓደኞቹ በሚሊ ሜትሮች ዝቅ ብሎ ይገኛል። ቀዳዳው ካልፈቀደ የኮምፕሬሽን ልኬት ያስደርጉ። አንዱ ሲሊንደር ከሌሎቹ ጎልቶ ካነሰ ቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የሞተሩ ራስ) መውረዱ አይቀርም።

ጥያቄ፦ የሞተሩን ውስጥ በናፍጣ አጥቦ ማስነሣት ይቻላል የሚሉ አሉ። እውነት ነው?

ሞተሩ ሳይዞር ናፍጣ አፍስሶ ጭቃውን ማውጣት አንድ ነገር ነው፤ በዘይት ፈንታ ናፍጣ ሞልቶ ሞተር ማስነሣት ግን ኩሽኔታዎቹን (የሚዞሩት ክፍሎች የሚያርፉባቸውን) ያለ ዘይት ማስኬድ ስለሆነ አልመክረውም። ርካሽ የሞተር ዘይት በአዲስ ፊልትሮ ሞልተው፣ ሞተሩን ጭነት ሳያበዙበት 10 ወይም 15 ደቂቃ ያህል አሠርተው ትኩሱን ያፍስሱት፤ የሚወጣው ዘይት ወተት መምሰሉን እስኪተው ድረስ ይደጋግሙት። ከሦስት ጊዜ በላይ የሚያስፈልገው አልፎ አልፎ ነው። ከተጠራጠሩ ጥቂት ጠብታ ዘይት በጋለ ብረት ላይ ያንጠባጥቡ፤ ውኃ ያለበት ዘይት ይንጣጣል፣ የሌለበት ዝም ብሎ ይጨሳል።

ጥያቄ፦ የነዳጅ ታንኩ ሞልቶ ስለነበር ውኃ አልገባበትም ብዬ አምናለሁ። ስሕተት ነው?

ሙሉ መሆኑ የሚገባውን ውኃ ይቀንሳል እንጂ አይከለክልም፤ ታንኩ የሚተነፍስበት ቀዳዳ አለውና። መኪናው አንድ ሌሊት ሳይነካ ካደረ በኋላ ከታንኩ ሥር ባለው ማፍሰሻ ጥቂት ሊትር በሚያሳይ ጠርሙስ ይቅዱ። ውኃው ከታች፣ ናፍጣው ከላይ ሆነው ድንበራቸው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ ድረስ ያፍስሱ፤ ፊልትሮዎቹን ይለውጡ፤ መስመሩን ከናፍጣ ፓምፑ በፊት ፈትተው በውስጡ የቀረውን በእጅ ፓምፑ ይግፉት።

ይህን ያህል የምጠነቀቀው በናፍጣ ፓምፑ ምክንያት ነው። በፓምፑ ውስጥ ያሉት ትናንሽ ፒስተኖች ከቤታቸው ጋር ያላቸው ክፍተት በማይክሮን የሚቆጠር ሲሆን፣ የሚያለሰልሳቸውም ራሱ ናፍጣው ነው። በዚያ ክፍተት ውስጥ የገባ ውኃ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያዝገውና ፓምፑ እንዳይንቀሳቀስ ያደርገዋል፤ የናፍጣ ፓምፕ ማሠራት ደግሞ በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ ከባድ ወጪ ከሚያስወጡት አንዱ ነው።

ጥያቄ፦ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) እና ዲፈረንሻል (ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማዎቹ የሚያከፋፍለው) የታሸጉ ስለሆኑ መተው ይቻላል?

አይቻልም። ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም በላያቸው ትንሽ መተንፈሻ አላቸው። መኪናው ሲሄድ ቆይቶ የጋለ ዲፈረንሻል ይዞ ወደ ቀዝቃዛ ውኃ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር በድንገት ይኮማተርና በመተንፈሻውና በዘይት መከላከያ ጎማው በኩል ውኃ ይስባል። ስለዚህ ወንዝ ሲሻገር መሐል ላይ የቆመ መኪና፣ ቆሞ በጎርፍ ከተዋጠው ይልቅ ዲፈረንሻሉ ላይ የባሰ ጉዳት ሊኖረው ይችላል። የሁለቱንም ዘይት ያፍስሱ፣ መተንፈሻዎቹን ከጭቃ ያጽዱ፣ አዲስ ዘይት ሞልተው ጥቂት ከነዱት በኋላ እንደገና ይመልከቱት።

የጎማ ኩሽኔታዎችም እንዲሁ ናቸው። አንድ ጊዜ ከአንድ መኪና የፊት ጎማ ላይ ያወጣሁት ግሪስ ከውጭ ሲታይ ደኅና ነበር፤ በጣቴ ስገልጠው ግን ከሥሩ ግራጫ ሆኖ የደለሉ አሸዋ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይከረክር ነበር። ፈትተው፣ አጥበውና አድርቀው በአዲስ ግሪስ ካልሞሏቸው የሚጮኹት ከሳምንታት በኋላ፣ መኪናው ጭነት ይዞ መንገድ ላይ ሳለ ነው። የክሮቼራ (የማስተላለፊያ ዘንጉ መታጠፊያ) እና የባሌስትራ (መኪናውን የሚሸከመው ባለ ንጣፍ ሞላ) ግሪስ መስጫዎችን ግን መፍታት አያስፈልግም፤ አሮጌው ተገፍቶ ንጹሑ እስኪወጣ ድረስ መሙላት ይበቃል።

ጥያቄ፦ ፍሬኑስ?

ታምቡሮቹ ሁሉ ይወልቁና ደለሉ ይታጠብ። በዘይት የሚሠራ ፍሬን ከሆነ የፍሬን ዘይት ውኃ የመምጠጥ ጠባይ ስላለው ሙሉ በሙሉ ይለወጥ። በአየር የሚሠራ ከሆነ ታንኮቹን አፍስሰው የአየር ማድረቂያውን ፊልትሮ ይለውጡ፤ ቫልቮቹም ይፈተሹ። ይህ ሳያልቅ መኪናውን በራሱ ኃይል ማንቀሳቀስ አይገባም።

ጥያቄ፦ ፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያለያየው) ተረግጦም ማርሽ አልገባ አለ።

የፍሪሲዮኑ ዲስክ በዝገት ከቮላኖው (ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ከባድ የብረት ጎማ) ጋር ተጣብቋል። ሞተሩ ከተስተካከለና ፍሬኑ ከተረጋገጠ በኋላ፣ ሞተሩን አሙቀው ያጥፉት፤ ከፊት ለፊት ሰው በሌለበት ሰፊ ሜዳ ላይ ማርሽ አስገብተው ፍሪሲዮኑን እንደረገጡ ያስነሡትና ፍሬን በመያዝ ለማላቀቅ ይሞክሩ። እምቢ ካለ ካምቢዮውን ማውረድ ነው።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ መስመሩ ደርቆ መብራቱ ሁሉ በራ። ጨረስሁ ማለት ነው?

የኤሌክትሪክ ጉዳት ቸኩሎ አይታይም። ውኃው ከሽቦው መጨረሻ ገብቶ በላስቲኩ ሥር እየተሳበ መዳቡን አረንጓዴ ያደርገዋል፤ ከወራት በኋላ መብራት የሚያጠፋው ያ ነው። ማያያዣዎቹን ሁሉ ከፍተው በንጹሕ ውኃ ያጥቡ፣ ያድርቁ፣ የመገናኛ ማጽጃ ይርጩ። ዲናሞውና ሞተሪኖው ተፈትተው ይታጠቡ፣ ኩሽኔታቸውም ይለወጥ። ውኃው ጨዋማ ከነበረ በሰዓታት ውስጥ በንጹሕ ውኃ መታጠብ አለበት፤ በጨው ውኃ ተነክሮ የቆየ መስመር ከሆነ መጠገኑን ትቼ አዲስ እዘረጋለሁ።

ጥያቄ፦ ይህን ሁሉ ካወጣሁበት በኋላ መኪናው ያዋጣል?

ቢዬላው ካልጎበጠና የናፍጣ ፓምፑ ከዳነ፣ የቆየ መኪና ከአዲሱ ይልቅ ለጥገና ይመቻል፤ በውኃ የሚሞት የሞተር ኮምፒዩተር የለውምና። ሁለቱም ከተበላሹ ግን ወጪውን አስልተው ይወስኑ፤ በተለይ ሻንሲው (የመኪናው ዋና የብረት አጽም) አስቀድሞ የዛገ ከሆነ ባይገቡበት ይሻላል። ከጠገኑት፣ የሻንሲውን ውስጥ በቀዳዳዎቹ በኩል አጥበው ማፍሰሻዎቹን ይክፈቱ፤ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላም የሞተሩን፣ የካምቢዮውንና የዲፈረንሻሉን ዘይት እንደገና ያስፈትሹ።