አንድ ምሽት በበርድላንድ፦ ጥያቄና መልስ

የጃዝ ከበሮ መቺው አርት ብሌኪ እ.ኤ.አ. የካቲት 21 ቀን 1954 ኒው ዮርክ ውስጥ በርድላንድ በተባለ የምሽት ክለብ ስላስቀዳው አልበም ጠይቃችሁኛል። የተወሰኑትን እነሆ።

ጥያቄ፦ መጀመሪያ ላይ የሚጮኸው ሰውዬ ማነው? ለምን አልቆረጡትም?

መልስ፦ ፒ ዊ ማርኬት ነው፤ የቤቱ አስተዋዋቂ። ጉርሻ ያልሰጠውን ሙዚቀኛ ስም መድረክ ላይ ሆን ብሎ ያበላሽ ነበር ይባላል። ድምፁ ጆሮ ይበሳል፣ አውቃለሁ። ግን እሱ ከተቆረጠ ክለቡም አብሮ ይቆረጣል።

ጥያቄ፦ ስቱዲዮ እያለ ክለብ ድረስ ምን አስኬዳቸው?

መልስ፦ በድሮው ሸክላ አንድ ገጽ ላይ የሚገባው ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው። ገና ማሞቅ ስትጀምር ታልቃለች! በ1948 ረጅሙ ሸክላ ሲመጣ ሶሎ፣ ማለትም አንዱ ሙዚቀኛ ብቻውን የሚፈጥረው ጨዋታ፣ መተንፈሻ አገኘ። ከዚያ የሸክላ አሳታሚው የብሉ ኖቱ አልፍሬድ ላየን የክለቡን ቀረጻ ለድምፅ መሐንዲሱ ለሩዲ ቫን ጌልደር ሰጠ። ልዩነቱን ለመስማት «ኤ ናይት ኢን ቱኒዚያ»ን ክፈቱ። ብሌኪ መጀመሪያ ወሬ ያወራል፤ ትራምፔት ተጫዋቹ ዲዚ ጊለስፒ ዜማውን ቴክሳስ ውስጥ የቆሻሻ በርሜል ቂጥ ላይ ሲደርሰው እዚያው ነበርኩ ይላል። እውነት ይሁን ቀልድ፣ ሰዉ ይስቃል። ከዚያ ከበሮው ይነሳል። ስቱዲዮ ውስጥ ይቺን ወሬ ለማን ያወራታል?

ጥያቄ፦ ቢባፕ ነው ወይስ ሃርድ ባፕ?

መልስ፦ ቢባፕ የ1940ዎቹ ፈጣንና ውስብስብ ጃዝ ነው፤ ሃርድ ባፕ ደግሞ ከእሱ ወጥቶ ወደ ብሉዝ ያዘነበለው። ይሄ አልበም መሸጋገሪያው ላይ ነው። የቢባፑ ሳክስፎን ተጫዋች የቻርሊ ፓርከር «ኮንፈርሜሽን» እና «ናውስ ዘ ታይም» አሉበት፤ ክለቡ ራሱ ስሙን ያገኘው «በርድ» (ወፍ) ከሚለው የፓርከር ቅጽል ስም ነው። የሆረስ ሲልቨር ፒያኖ ግን ወደ ብሉዝ እየጎተተ ነው። እኔ በስም አልጣላም።

ጥያቄ፦ ጃዝ ሜሴንጀርስ የተባለው የብሌኪ ታዋቂ ባንድ ማለት እነዚህ ናቸው?

መልስ፦ ገና ናቸው። ሽፋኑ የሚለው «የአርት ብሌኪ ኩዊንቴት» (የአምስት ሰው ባንድ) ነው።

ጥያቄ፦ ትራምፔት የሚጫወተው ልጅ በኋላ ምን ሆነ?

መልስ፦ ክሊፎርድ ብራውን ያን ምሽት 23 ዓመቱ ነበር። በዚያው ዓመት ከከበሮ መቺው ማክስ ሮች ጋር የራሳቸውን ባንድ መሠረቱ። ሰኔ 1956 ፔንሲልቬኒያ ውስጥ በመኪና አደጋ ሞተ፤ 25 ዓመቱ ነበር። አብሮት የነበረው ፒያኖ ተጫዋች ሪቺ ፓወልና ባለቤቱም አልተረፉም። ለስለስ ያለውን ጨዋታውን የፈለገ «ዋንስ ኢን ኤ ዋይል»ን ይስማ። ፍጥነቱን ከሆነ «ኩዊክሲልቨር» አለላችሁ፤ አልቶ ሳክስፎኑ ሉ ዶናልድሰን ነው፣ እሱንም እንዳትዘሉት።