ቦይለሩ ከሥራው ቀላሉ ክፍል ነው፦ ባዮዲዝልን በቤት ለማምረት ላሰቡት ጠያቂ

ጠያቂው ማወቅ የፈለጉት፣ ባለ 80 ሊትር አሮጌ የኤሌክትሪክ ቦይለርን ወደ ማዋሃጃ ጋን ቀይሮ ካገለገለ የምግብ ዘይት ባዮዲዝል ማምረት ይቻል እንደሆነና ከዚህ ሌላ ምን እንደሚያስፈልግ ነው። ይቻላል፤ እኔም ለዓመታት የሠራሁት በእንዲህ ዓይነት ጋን ነው። ነገር ግን ቦይለሩ ከጠቅላላው ዝግጅት ቀላሉ ክፍል ስለሆነ፣ ቧንቧ መግጠም ከመጀመርዎ በፊት ሜታኖሉ (ከዘይቱ ጋር ተዋህዶ ወደ ነዳጅ የሚለውጠው አልኮል) የት እንደሚቀመጥ፣ እንፋሎቱ በየት እንደሚወጣ፣ ከጋኑ ሥር የሚቀዳው ግሊሰሪን፣ ማለትም ከነዳጁ የሚለየው ተረፈ ምርት፣ ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ ይወስኑ።

ሜታኖልን የማስቀድመው ያለ ምክንያት አይደለም። የሚፈላው በ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ቢሆንም፣ ከ12 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ በአንዲት ብልጭታ ሊቀጣጠል የሚችል እንፋሎት ይሰጣል፤ ነበልባሉም በቀን ብርሃን እምብዛም አይታይም። በቆዳም በትንፋሽም ወደ ሰውነት ይገባል፤ ዓይንን ሊያሳውር፣ ሊገድልም ይችላል፤ ተራ የአፍ መሸፈኛም እንፋሎቱን አያግድም። ስለዚህ ሥራው ከመኖሪያ ክፍል በተለየና አየር እንደ ልብ በሚዘዋወርበት መጠለያ ይከናወን። በጋዝ ነበልባል የሚሞቅ ቦይለርን ግን ፈጽሞ አያስቡት።

በ80 ሊትሩ ጋን ውስጥ 50 ሊትር ዘይትና 10 ሊትር ሜታኖል፣ ማለትም የዘይቱን 20 በመቶ፣ ቢጨምሩ ከላይ በቂ ባዶ ቦታ ይቀራል። ፓምፑ ዘይቱን ከጋኑ ሥር ስቦ ከላይ ይመልሰዋል፤ ከጋኑ አናት የሚነሳ ቱቦም እንፋሎቱን ወደ ውጭ፣ ከማንኛውም ብልጭታ ርቆ ያስወጣል። ሬዚስታንሱ (የቦይለሩ ማሞቂያ ሽቦ) ሙሉ በሙሉ በዘይት ሳይሸፈን መብራት አይሰጠው፤ በሚሞቅበት ጊዜም ዘይቱ በአንድ ቦታ እንዳያርር ፓምፑ ይሥራ። የፓምፑ ሞተር ብልጭታ ወደ ውጭ የማያወጣ ዝግ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። መዳብ፣ ነሐስና ዚንክ የተቀባ ቧንቧ ነዳጁን ቶሎ ያበላሹታል፤ አሉሚኒየም ደግሞ ለውጡን ለማፋጠን በሜታኖሉ ውስጥ ከሚሟሟው ካስቲክ ሶዳ ጋር ተዋህዶ ሃይድሮጂን ጋዝ ስለሚያወጣ ከሥራው ይራቅ። ተራ የጎማ ጋስኬትም እያበጠ ማፍሰሱ አይቀርም።

አብዛኛው ጀማሪ የሚሰናከለው በማሽኑ ሳይሆን በዘይቱ ነው። ዘይቱ በመጀመሪያ ተጣርቶ ወደ 60 ዲግሪ ይሙቅ፤ ከዚያም ቢያንስ አንድ ቀን ይቀመጥና ሥር የተጠራቀመው ውሃ ይወገድ። በመጥበሻ ላይ ጥቂት ሲያሞቁ የሚንጣጣ ከሆነ ገና ውሃ አለው ማለት ነው፤ ውሃ ያለው ዘይት ደግሞ ነዳጅ ከመሆን ይልቅ ሳሙና ይሆናል። ቀጥሎ የሚያስፈልገውን የሶዳ መጠን ለማወቅ የዘይቱን አሲድ መለካት የግድ ነው። 1 ግራም ካስቲክ ሶዳ በ1 ሊትር የተጣራ ውሃ ያሟሙ፤ 1 ሚሊ ሊትር ዘይት ከ10 ሚሊ ሊትር አይሶፕሮፒል አልኮልና ከጥቂት የፌኖልፍታሌይን (ቀለም በመለወጥ ልኬቱን የሚያሳይ ፈሳሽ) ጠብታ ጋር ያደባልቁ፤ ከዚያም ሐምራዊው ቀለም ወጥቶ ለጥቂት ሰከንዶች እስኪጸና ድረስ ሶዳ የሟሟበትን ውሃ በስሪንጅ ይጨምሩ። የፈጀው እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ለአንድ ሊትር ዘይት 1 ግራም ተጨማሪ ሶዳ ያስፈልጋል ማለት ነው። እኔ በሊትር 5 ግራምን መነሻ አደርጋለሁ፤ ልኬቱ 2.5 ሚሊ ሊትር ቢሆን 7.5 ግራም፣ ለ50 ሊትር ደግሞ 375 ግራም ይሆናል። ከ5 ሚሊ ሊትር በላይ የሚፈጅ ዘይት ግን ሳሙናው ስለሚበዛ ለጀማሪ ድካሙን አይክስም።

በካስቲክ ሶዳ ፋንታ ፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ ካገኙ እሱን ይምረጡ፤ የሶዳውን ክብደት በ1.4 ማባዛት ብቻ ነው። በሜታኖል ውስጥ ቶሎ ይሟሟል፤ ከሁሉ በላይ ግን የሚወጣው ግሊሰሪን ሲቀዘቅዝም ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። የካስቲክ ሶዳው ግሊሰሪን በቦይለሩ ጠባብ መውረጃ ውስጥ ሊረጋ ይችላል፤ የረጋውን መጥረግ ምን ያህል እንደሚያማርር የሚያውቀው የሞከረው ነው።

ሶዳውን በሜታኖሉ ላይ ጥቂት በጥቂት ይጨምሩ፤ ድብልቁ እየሞቀ ስለሚሄድ ክዳን ባለው ወፍራም የፕላስቲክ ጀሪካን፣ በጓንትና በመነጽር ይሥሩ። ዘይቱ 55 ዲግሪ ሲደርስ መጀመሪያ የሬዚስታንሱን መብራት ያጥፉ፤ ድብልቁን በፓምፑ መሳቢያ በኩል ቀስ ብለው ያስገቡና ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ያዘዋውሩት። ካደረ በኋላ ጠቆር ያለው ግሊሰሪን ከሥር ይቀዳል። ሜታኖል ስላለበት ወደ ፍሳሽ መውረጃ አይደፋ፤ በክፍት ዕቃም አይሞቅ።

ከላይ የቀረው ነዳጅ በውሃ ከመታጠቡ በፊት፣ 3 ሚሊ ሊትሩን በ27 ሚሊ ሊትር ሜታኖል ውስጥ ጨምረው በክፍል ሙቀት ይናጡት። ጥርት ብሎ ከሟሟ ለውጡ ተሳክቷል፤ ከሥር የዘይት ጠብታ ከረጋ ግን እንደገና በጥቂት ሜታኖልና ሶዳ መሠራት አለበት። የመጀመሪያው እጥበት በስሱ በሚረጭ ውሃ ይሁን፤ በኃይል ከተናጠ ሳሙናው ሁሉንም ወደ ነጭ ቅባት ይለውጠዋል። ውሃው ጥርት ብሎ እስኪወጣ ከታጠበ በኋላ ነዳጁ በ50 ዲግሪ አካባቢ እየተዘዋወረ ይድረቅ።

ወደ መኪና ሲደርሱ ከናፍጣ ጋር እያደባለቁ ይጀምሩ፤ ባዮዲዝል በታንከሩ ውስጥ የቆየውን ቆሻሻ ስለሚያነሳ መለዋወጫ ማጣሪያ በእጅዎ ይኑር። የጭስ ጥላሸት ማጣሪያ በተገጠመላቸው አዳዲስ ሞተሮች ላይ ግን የቤት ምርቱን አልመክርም፤ ብዙዎቹ ማጣሪያውን ለማጽዳት ተጨማሪ ነዳጅ ወደ ሲሊንደሩ ስለሚረጩ፣ በቀላሉ የማይተነው ባዮዲዝል ወደ ሞተር ዘይቱ ወርዶ ያቀጥነዋል።