ለጀማሪ የሚሆኑ የስኮትላንድ ባህላዊ ምግቦች

እህቴ፣ በቅርቡ ግላስጎው እንደገቡና ምግብ ማብሰል ገና እየለመዱ እንደሆነ ገልጸው፣ ከስኮትላንድ ባህላዊ ምግቦች ለጀማሪ የሚቀሉት የትኞቹ እንደሆኑ ጠይቀዋል። እዚህ አገር በኖርኩባቸው ዓመታት በራሴ ወጥ ቤት ደጋግሜ ከሠራኋቸው ተነሥቼ እመልስልዎታለሁ። በቅድሚያ ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው፣ በዚህ አገር የቤት ምግብ ውስጥ የሚገቡት ነገሮች ጥቂት መሆናቸውንና ቅመሙም ከጨውና ከቁንዶ በርበሬ እምብዛም የማያልፍ መሆኑን ነው። እንደ እኛ ወጥ ቁሌቱና በርበሬው የሚሸፍነው ጉድለት ስለሌለ፣ ጣዕሙን የሚወስነው የእሳቱ አያያዝ ነው።

በአጃ ገንፎ ይጀምሩ። ገንፎ እንበለው እንጂ ከእኛ ገንፎ የቀጠነ፣ ከአጥሚት ደግሞ ወፈር ያለ ነው። ለአንድ ሰው 50 ግራም የተዳመጠ አጃና 350 ሚሊ ሊትር ያህል ውኃ ድስት ውስጥ አድርገው ሳያቋርጡ ያማስሉ፤ መንተክተክ ሲጀምር እሳቱን ቀንሰው ለአምስት ደቂቃ ያህል ያቆዩትና ሊወጣ ሲል ጨው ቆንጠር አድርገው ይጨምሩበት። ባህሉን የሚጠብቁ ሰዎች ስኳር አያስገቡበትም፤ የሚያማስሉትም ስፐርትል በሚባል ቀጥ ያለ የእንጨት ዘንግ ነው። ካርብሪጅ በተባለች መንደር ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚካሄደው የዓለም የገንፎ ውድድር ላይም፣ በዋናው ዘርፍ የሚፈቀዱት አጃ፣ ውኃና ጨው ብቻ ናቸው። በጾም ወራት ለቁርስ ከዚህ የሚመች አላገኘሁም።

የምስር ሾርባም ለእርስዎ አዲስ አይሆንም፤ ቀይ ምስር ክክ፣ ካሮትና ሽንኩርት አብሮ እስኪፈርስ መቀቀል ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ቤቶች መረቁን የሚያወጡት ከአሳማ እግር ስለሆነ፣ ውጭ ሲበሉ አስቀድመው ይጠይቁ።

ከሁሉ አብልጬ የምወደውና ጊዜ ሰጥተው እንዲለማመዱት የምመክርዎ ከለን ስኪንክ የተባለውን የዓሣ ሾርባ ነው፤ ስሙን ያገኘው በሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ ከምትገኘው ከለን ከተባለች ትንሽ ከተማ ነው። ለአራት ሰው ግማሽ ኪሎ ያህል በጭስ የተዘጋጀ ሀዶክ የሚባል ዓሣ ይግዙ፤ ደማቅ ቢጫ የሆነው ቀለም የገባበት ስለሆነ ፈዘዝ ያለውን ይምረጡ። አንድ ትልቅ ሽንኩርት በደቃቁ ከትፈው በገበታ ቅቤ፣ መልኩ ሳይለወጥ፣ በዝግታ ያለስልሱት፤ ከዚያም ግማሽ ኪሎ የተከተፈ ድንችና 300 ሚሊ ሊትር ውኃ ጨምረው ድንቹ እስኪበስል ይቀቅሉ። ዓሣውን ለብቻው በግማሽ ሊትር ወተት ውስጥ በዝቅተኛ እሳት ያሙቁት፤ በሹካ ሲነኩት ቅጠል ቅጠል እያለ ከተለያየ በስሏልና አውጥተው ቆዳውንና እሾኹን በጣትዎ እየዳሰሱ ይልቀሙ። ከድንቹ ግማሹን ድስቱ ውስጥ እንዳለ ጨፍልቀው፣ ወተቱንና ዓሣውን መልሰው ያዋሕዱት። እኔ መጀመሪያ በሠራሁበት ቀን ወተቱን በኃይል ስላፈላሁት ተበጥሶ እንደ አይብ ፍርፍር ሆነብኝ፤ ዓሣው ራሱ ጨው የገባበት መሆኑንም ሳላውቅ እንደ ልማዴ ጨው በመጨመሬ ሊበላ አልቻለም። እባክዎ ወተቱ ከገባ በኋላ ድስቱ እንዳይፈላ ይጠብቁት፣ ጨውንም በመጨረሻ ቀምሰው ብቻ ይጨምሩ።

ሃጊስን ግን ለጊዜው ራስዎ ለመሥራት አይድከሙ። ከበግ ልብ፣ ጉበትና ሳንባ ከአጃ ጋር የሚዘጋጅ ሲሆን፣ ዱለት ለለመደ ሰው እንግዳ አይደለም፤ የበሰለው ገበያ ላይ ስለሚገኝ ማሞቅ ይበቃል። የገጣሚው ሮበርት በርንስ ልደት በሚከበርበት በጃንዋሪ 25 ምሽት ከተፈጨ ድንችና ተርኒፕ ከሚባል ሥራ ሥር ጋር ይቀርባል።

ጣፋጭ ካማረዎ ሾርትብሬድ ይጋግሩ፤ ልኩ አንድ እጅ ስኳር፣ ሁለት እጅ የገበታ ቅቤ፣ ሦስት እጅ የፉርኖ ዱቄት ነው፣ ለምሳሌ 100፣ 200 እና 300 ግራም። ቅቤውንና ስኳሩን አዋሕደው ዱቄቱን ይጨምሩ፤ ብዙ ከታሸ ስለሚጠነክር ልክ እንደተያያዘ እጅዎን ያንሡ። በመጋገሪያ ሣህን ላይ ጠፍጥፈው በሹካ ወጋ ወጋ ያድርጉትና በ160 ዲግሪ፣ ጠርዙ ወርቅማ እስኪመስል ድረስ፣ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይጋግሩት። ከኦቨን ሲወጣ ገና ለስላሳ ስለሚሆን አልበሰለም ብለው አይመልሱት፤ ትኩሱን ቆራርጠው እዚያው ሣህኑ ላይ እስኪቀዘቅዝ ይተዉት።