የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሶንድሃይምን ለጀማሪ ከየት እናስጀምረው?

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው አራት ጥያቄዎች ከድሬዳዋና ከሐረር የደረሱን ናቸው። ሁሉም የሚጠይቁት ስለ አሜሪካዊው የሙዚቃዊ ቴአትር ደራሲ ስለ ስቴፈን ሶንድሃይም (1930–2021) ነው። ዓመቶቹን የጻፍናቸው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ በሳቢያን አካባቢ የወጣቶች ቴአትር ክበብ አስተባብራለሁ። አባላቱ አሥራ አምስት ያህል ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 22 ነው። ሶንድሃይምን ላስተዋውቃቸው ብዬ «ሴንድ ኢን ዘ ክላውንስ»ን በስልክ አሰማኋቸው። «ደህና ናት» ብለው ዝም አሉ። ያለን አንድ ላፕቶፕ፣ ፕሮጀክተርና ስፒከር ነው። ከየት ልጀምር? (ድሬዳዋ)

መልስ፦ ልጆቹ አልተሳሳቱም። ይህ ዘፈን ከታሪኩ ተነጥሎ ሲሰማ የሚቀረው ቀዝቀዝ ያለ ትካዜ ብቻ ነው። በ1973 ለመድረክ በበቃው «ኤ ሊትል ናይት ሚዩዚክ» ውስጥ የምትዘፍነው ዴዚሬ የምትባል ተዋናይት ናት። የድሮ ወዳጇን ፍሬድሪክን አግኝታ አብረን እንኑር ብላዋለች፤ እሱ ደግሞ ለጋ ሚስቱን መተው እንደማይሆንለት አሁን እፊቷ ተናግሯል። ዘፈኑ ለዚያ የሰጠችው መልስ ነው። «ክላውንስ» ስትልም ሰርከስ አላሰበችም፤ ትርኢት ሲበላሽ «ቀልደኞቹን አስገቡ» እንደሚባለው፣ በመድረክ ሰው ቋንቋ ስለ ራሷ ሕይወት እያወራች ነው። ስንኞቹ ያጠሩበት ምክንያትም አለ። የመጀመሪያዋ ዴዚሬ፣ ግሊኒስ ጆንስ፣ ድምፅ አስረዝማ መያዝ ስለማይሆንላት ሶንድሃይም በትንፋሿ ልክ ጻፈላት። ውጤቱ እንባ የተናነቀው ሰው አነጋገር ሆነ።

ስለዚህ ሁኔታውን ሳይነግሩ ዘፈን አያሰሙ። የሶንድሃይም ዘፈን ትዕይንት ነው፤ ሰውየው ሲጀምር ያላወቀውን ነገር ሲጨርስ አውቆት ይወጣል። ማን ነው የሚዘፍነው? ለማን? ከአንድ ደቂቃ በፊት ምን ሆነ? ይህን በሦስት ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ይንገሯቸው። ከዚያ በላይ ካስረዱ ዘፈኑን ቀድመው ይጨርሱባቸዋል። ሲያልቅ ደግሞ «ወደዳችሁት?» ብለው አይጠይቁ። «መጀመሪያ ላይ ያልነበረ፣ አሁን ያለ ምን ነገር አለ?» ይበሉ። ወሬው የሚከፈተው በዚህ ነው።

ለክበብዎ የምንመርጠው በ1987 ብሮድዌይ (የኒው ዮርክ ትልልቅ ቴአትር ቤቶች ሰፈር) የደረሰውን «ኢንቱ ዘ ዉድስ»ን ነው። ተውኔቱን የጻፈው ጄምስ ላፓይን፣ ዜማውንና ግጥሙን ሶንድሃይም ነው። ተረት ያልሰማ ስለሌለ መግቢያው ሰፊ ነው። በጠንቋይ እርግማን ልጅ ያጡ አንድ ዳቦ ጋጋሪና ሚስቱ፣ እርግማኑ እንዲነሣላቸው እንደ ወተት የነጣች ላም፣ እንደ ደም የቀላ ካባ፣ እንደ በቆሎ ቢጫ የሆነ ጸጉርና እንደ ወርቅ የጠራ ጫማ ሦስት እኩለ ሌሊት ሳያልፍ ማምጣት አለባቸው። ዕቃዎቹ ያሉት በሌሎች ተረቶች ሰዎች እጅ ነው፤ ሁሉም ጫካ ውስጥ ይገናኛሉ። በመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ የሁሉም ምኞት ይሞላል። በሁለተኛው ክፍል ምኞቱ ያስከተለው ዕዳ ይመጣል፤ ባሏ የተገደለባት ግዙፍ ሴት ለበቀል ትወርዳለች።

ልብ ይበሉ፦ ሲንደሬላን፣ ቀይ ካባ ለባሿን ልጅ፣ ራፑንዘልንና ጃክን ከነባቄላው የማያውቅ ተመልካች ግማሹን ቀልድ ያጣዋል። ከመጀመሪያው ቀን በፊት ሠላሳ ደቂቃ ይመድቡና አራቱን ተረቶች አራት ልጆች እየተነሡ ይንገሩ፤ ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ የሚቀናው በዚያው ይንገር። ሲንደሬላ በካርቱን ከሚያውቋት እንደምትለይም ይጠቁሟቸው። እዚህ የግሪም ወንድማማቾችን ትከተላለች። አስማተኛ እናት የለችም፤ ልብሱ የሚወርደው በእናቷ መቃብር ላይ ከበቀለው ዛፍ ነው፤ እህቶቿም ጫማው እንዲገባላቸው እግራቸው ይቆረጣል። ይህን አስቀድሞ ያልሰማ ሰው ሲያየው ይደነግጣል።

የሚያዩት ቀረጻ ዋናዎቹ ተዋንያን በመድረክ ላይ ሲጫወቱት የተቀረጸውና በ1991 በአሜሪካ ቴሌቪዥን የታየው ይሁን፤ ጠንቋይዋ በርናዴት ፒተርስ፣ የጋጋሪው ሚስት ጆአና ግሊሰን ናት። የ2014ቱ ፊልም ለዓይን ያምራል፤ ግን ተራኪውን ከመድረክ አውጥቶ ድምፅ ብቻ አድርጎታል፣ የሁለተኛውን ክፍል ምሬት አለዝቦታል፣ «ኖ ሞር» የተባለውን የአባትና ልጅ ዘፈንም ጥሎታል። በኋላ ለማነጻጸሪያ ይጠቅማል። ለመጀመሪያ ዕይታ አንመክረውም።

በአራት ቀን ይክፈሉት። በመጀመሪያው ቀን መክፈቻውን ብቻ ያሳዩ፤ ከአሥር ደቂቃ በላይ የሚሄድ አንድ ወጥ ሙዚቃ ነው፤ ሁለት ጊዜ ይታይ። በመጀመሪያው ዙር እያንዳንዱ ልጅ አንድ ሰው ይያዝና ያ ሰው የሚመኘውን ብቻ ይከታተል። በሁለተኛው ዙር ሁሉንም ይመልከት። በሁለተኛው ቀን የመጀመሪያውን ክፍል ይጨርሱ። ታሪኩ ያለቀ ስለሚመስል «አላለቀም» ብለው ቀጠሮ ይያዙ። ሦስተኛውና አራተኛው ቀን ለሁለተኛው ክፍል ነው። የት እንደሚያቋርጡ ግን ይጠንቀቁ፤ «ዩር ፎልት» በቀጥታ ወደ «ላስት ሚድናይት» ስለሚገባ በመካከላቸው ማቆም ሁለቱንም ይገድላል። «ዩር ፎልት» አምስት ሰዎች ጥፋቱን እንደ እሳት ፍም ከእጅ ወደ እጅ የሚወራወሩበት ፈጣን ዘፈን ነው። ላሟን ማን ሸጠ፣ ባቄላውን ማን ሰጠ፣ ማን ሰረቀ የሚለውን ሰንሰለት ከመጀመርዎ በፊት በሰሌዳ ላይ ይጻፉ።

አዳራሹንም ያስቡበት። የሶንድሃይም ግጥም የሚጠፋው መጀመሪያ በተነባቢዎቹ ነው፤ የላፕቶፕ ድምፅ አይበቃም፤ ስፒከሩን ወለል ላይ ካስቀመጡትም የፊት ረድፍ እግር ይውጠዋል። ተቀምጦ በሚያዳምጥ ሰው ጆሮ ከፍታ፣ ከስክሪኑ ሥር ሳይሆን ከጎኑ ያድርጉት። በድሬ ሙቀት ቬንትሌተር መዝጋት ከባድ ነው፤ ስለዚህ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ይጀምሩና በዘፈኑ ጊዜ ብቻ ያጥፉት። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ከኋላ ግድግዳ ላይ ጋቢ ወይም ምንጣፍ መስቀል ማስተጋባቱን ይቀንሰዋል። የእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ ያለው ቅጂ ይፈልጉ፤ ላፕቶፑንም አስቀድመው ቻርጅ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ ሙዚቃ አስተምራለሁ፤ ኪቦርድ እጫወታለሁ። ተማሪዎቼ ትዝታና ባቲ የለመዱ ናቸው። የሶንድሃይምን ዘፈኖች «ዜማ የላቸውም» ይላሉ። ምን ላድርግ? (ሐረር)

መልስ፦ ተማሪዎችዎ የሚሉት ከልምድ የመጣ ነው። በቅኝቶቻችን አምስቱ ድምፆች ጸንተው ይቆያሉ፤ ግጥሙ ቢለወጥም ዜማው ይመለሳል። ሶንድሃይም ከአጭር ሐረግ ተነሥቶ ያችኑ ሐረግ እያዞረ፣ ከሥሯ ያለውን ሐርመኒ (አብረው የሚሰሙትን ድምፆች) እየለወጠ ይሄዳል። ጆሮ የሚይዘውን የሚያገኘው ሐረጓን ለይቶ ሲያውቃት ነው። በ«ኢንቱ ዘ ዉድስ» ባቄላዎቹ ሲቆጠሩ የምትሰማ የአምስት ድምፅ ሐረግ አለች፤ በኪቦርድ ለብቻዋ ያጫውቷቸው፤ ከዚያ የራፑንዘልን ዜማ ያሰሟቸው። ያገኟታል።

ለመዝፈን «ስዊኒ ቶድ» በተባለው ሙዚቃዊ ቴአትሩ ውስጥ ባለው «ናት ዋይል አይም አራውንድ» ይጀምሩ፤ ዜማው ቀጥ ያለ ነው። በመጀመሪያ ቃሉን በምቱ ይናገሩት እንጂ አይዝፈኑት። ቀጥሎ የግራ እጅ ባሱን ለብቻው ይጫወቱላቸውና በላዩ ይናገሩት። ዜማው የሚጨመረው ከዚህ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል የዘለለ ዘማሪ ዜማውን ሲያሳድድ ቃሉን ይበላዋል።

ትልቁ ስሕተት ከኪቦርዱ ይመጣል፤ አውቶማቲክ ሪትሙን ይዝጉት። ሶንድሃይም የፒያኖውን አጃቢ ክፍል እስከ ዝርዝሩ ራሱ ይጽፈዋል፤ ጆናታን ቱኒክን የመሰሉ ባለሙያዎች ለኦርኬስትራ የሚያከፋፍሉት ያንን ነው። ብዙ ጊዜ ዘፋኙ የሚደብቀውን አጃቢው ይናገርበታል። የማይቆም ከበሮ ሲገባበት ዝምታውና የፍጥነት ለውጡ ይጠፋል፤ ኮርዱን ወደ ተራ ሦስት ድምፅ ካቀለሉት ደግሞ «ዜማ የለውም» የሚለው ስሞታ እውነት ይሆናል። ለድምፅ እንዲመች ትራንስፖዝ ማድረግ (ሙሉውን ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ መጫወት) ግን ችግር የለውም። ኖታ ሲፈልጉ «ቮካል ስኮር» የሚለውን (የሥራውን ሙሉ የዘፈንና የፒያኖ ኖታ) ይያዙ፤ «ቮካል ሴሌክሽንስ» የሚባለው ለቤት መጫወቻ የተሰናዳ ስለሆነ በመካከል ያለውን ንግግር ይተዋል፣ መጨረሻውንም ይለውጣል።

ሌላ ቀላል በር ምት ነው። የ«ኤ ሊትል ናይት ሚዩዚክ» ሙዚቃ ከሞላ ጎደል በሦስትና በሦስት ብዜት የተሠራ ነው፤ «ሴንድ ኢን ዘ ክላውንስ» ራሱ በ12/8ና በ9/8 መካከል ይመላለሳል። በ6/8 ቺክቺካ ያደገ ተማሪ ሦስቱን ቶሎ ያገኛል። የሚቸገረው በክብደቱ ነው፤ ቫልስ በየሦስቱ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚረግጥ በእግር አንዱን፣ በእጅ ሁለቱን ያስመቷቸው። «ካምፓኒ» በተባለው ሥራው ውስጥ ያለውን «ጌቲንግ ሜሪድ ቱዴይ» ግን ለጊዜው ይተዉት፤ ፍጥነቱ ለሠለጠነ አንደበት ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ትዕይንት ወደ አማርኛ መልሰን በትምህርት ቤታችን መድረክ ብንሠራስ? (ድሬዳዋ፣ ከዚራ)

መልስ፦ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሥራዎቹ በቅጂ መብት ሥር ናቸው፤ የመድረክ ፈቃዱን የሚሰጠው ኒው ዮርክ ያለው ሚዩዚክ ቲያትር ኢንተርናሽናል ነው። ለትርጉም ለብቻው የጽሑፍ ፈቃድ ይጠየቃል። ቦታውን፣ የወንበሩን ብዛት፣ ስንት ቀን እንደሚታይ፣ የመግቢያ ዋጋውንና ቋንቋውን ገልጻችሁ ልምምድ ሳትጀምሩ ጻፉ። የ«ኢንቱ ዘ ዉድስ»ን የመጀመሪያ ክፍል ብቻ የያዘ ለልጆች የተዘጋጀ አጭር ቅጂ አለ፤ ለትምህርት ቤት የሚመቸው እሱ ነው።

ስለ ትርጉሙ ሁለት ነገር እንበል። አማርኛ ግሥን ከመጨረሻ ስለሚያስቀምጥ ቤት መምቻው ሳይለፉ ይገኛል፤ ሄደ፣ ወሰደ፣ ወደደ እያሉ መቀጠል ይቻላል። ሶንድሃይም ግን ቤት የሚመታው ጆሮ እንዲያርፍበት በሚፈልገው ቃል ላይ ነው። ግጥማችን ግሡን አስቀድሞ ስሙን ማስከተል ስለሚፈቅድ በዚያ ተጠቀሙ። ሁለተኛው ማጥበቅና ማላላት ነው። አጭር ኖታ ላይ ጠብቆ የሚነገር ቃል ከጫናችሁ ዘፋኙ ያላላዋል፤ ትርጉሙም ይለወጣል። እያንዳንዱን ስንኝ ጮክ ብላችሁ ተናግራችሁ ፈትሹ።

ቃሉ ከሰውየው አፍ የሚወጣ መሆኑንም አትርሱ። ሶንድሃይም በ1957 ለ«ዌስት ሳይድ ስቶሪ» ግጥሙን ጽፎ (ዜማው የሊዮናርድ በርንስታይን ነው) «አይ ፊል ፕሪቲ» ላይ ከፖርቶ ሪኮ የመጣች ወጣት ሠራተኛ የማትናገረውን የተራቀቀ ቤት መምቻ በመስጠቱ ዕድሜውን ሙሉ ራሱን ወቅሷል። ያማረ ስንኝ ለተናጋሪው ካልገጠመ አውጡት።

ጥያቄ፦ ልጄ «ስዊኒ ቶድ»ን በፊልም አይቶ ወደደው። ይበቃዋል? ቀጥሎስ ምን ይይ? (ሐረር)

መልስ፦ አይበቃውም። የ2007ቱ ፊልም ታሪኩን የሚያውጀውን የሕዝቡን መዘምራን አስወጥቷል፤ ያለ እነሱ ነገሩ የአንድ ሰው በቀል ብቻ ሆኖ ይቀራል። አንጀላ ላንስበሪና ጆርጅ ሄርን የሚጫወቱበትን የ1982 የመድረክ ቀረጻ ይፈልጉለት። በሙዚቃው ውስጥ ደጋግሞ የሚመላለሰው «ዲየስ ኢሬ» የተባለው ጥንታዊ የላቲን የሙታን ዜማ ነው፤ አስቀድመው ቢያሰሙት በየቦታው ይለየዋል። ጉሮሮ የሚቆረጥበት ሥራ ስለሆነ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ አንመክረውም።

ቀጥሎ «ሰንዴይ ኢን ዘ ፓርክ ዊዝ ጆርጅ»ን (1984) ይይ፤ በ1985 የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘ ነው። ሠዓሊው ዦርዥ ሰራ በነጠላ የቀለም ነጥቦች የሠራውን፣ ቺካጎ የሚገኘውን ሁለት በሦስት ሜትር ያህል ሥዕል አስቀድሞ ቢያየው ይጠቅመዋል። በስልክ ከሆነ በጣቱ እያሰፋ ነጥቦቹን ይመልከት፤ ሠዓሊው ሲሥል የሚሰማው ሙዚቃም እንደ ነጥቦቹ የተቆራረጠ ነው።

«ካምፓኒ» እና «ፎሊስ» ትዳርን ከሩቅም ከቅርብም ላየ ሰው ናቸውና ይቆዩ። «መሪሊ ዊ ሮል አሎንግ» በ1981 ሲጀመር ከ16 ትርኢት በኋላ ተዘግቶ ነበር፤ ታሪኩ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ስለሚሄድ ተመልካቹ ግራ ይጋባ ነበር። ለልጅዎ ሲያሳዩት ዓመቶቹን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉለትና ትዕይንቱ በተለወጠ ቁጥር የደረሰበትን ያመልክት።