መልስ፦ አልትራሳውንድ ላይ «ሲስቲክ ማስ» ተብሎ ስለተጻፈው

እህቴ፣ «ከማህፀኔ በስተቀኝ 6 ሴንቲሜትር ሲስቲክ ማስ አለ ተባልኩ፣ ካንሰር ነው ወይ?» ላልሽው፣ ይህ ብቻውን ካንሰር ማለት አይደለም። ፈሳሽ የያዘ እብጠት ታየ ማለት ነው። መደንገጥሽ ግን ይገባኛል።

ከመጠኑ በላይ የሚያሳስበው የውስጡ ሁኔታ ስለሆነ ሪፖርቱን ረጋ ብለሽ እንደገና አንብቢው። ግድግዳው ቀጭን፣ ውስጡ ጥርት ያለ ፈሳሽ ብቻ ከሆነ «ሲምፕል ሲስት» ይሉታል። የወር አበባ በምታይ ሴት ላይ እንዲህ ያለው ብዙውን ጊዜ ከእንቁላል መውጣት ጋር የተያያዘ ነው፤ አብዛኛው በራሱ ይጠፋል። ያንቺ ከ5 ሴንቲሜትር ስላለፈ ግን አልትራሳውንዱ መደገም አለበት።

«ሶሊድ» የተባለ ጠጣር ክፍል፣ ወፍራም «ሴፕቴሽን» ማለትም ውስጡን የሚከፋፍል ግድግዳ፣ በዶፕለር (የደም ፍሰትን በሚያሳይ የአልትራሳውንድ ዘዴ) የታየ የደም ዝውውር ወይም ሆድ ውስጥ የተጠራቀመ ፈሳሽ ከተጻፈ ሳትውዪ ሳታድሪ የማህፀን ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ያኔም ቢሆን ተስፋ አትቁረጪ፤ ዴርሞይድ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የሌለው እብጠትም ጠጣር ክፍል አለው። የወር አበባሽ በዕድሜ ምክንያት ካቆመ ይህንን ለሐኪሙ ሳትነግሪ እንዳትወጪ፣ አተያዩ ይለወጣል።

የእንቁላል ማምረቻ ካንሰር ሲጠረጠር የሚታየው ሲኤ 125 የተባለ የደም ምርመራ ቢታዘዝልሽና ከፍ ቢል፣ በወር አበባ ሰሞንና በኢንዶሜትሪዮሲስም (የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሕብረ ሕዋስ ከማህፀን ውጭ የሚያድግበት ሕመም) እንደሚጨምር እወቂ።

አንድ ነገር አደራ፦ ድንገት በአንድ ጎን ኃይለኛ ሕመም ከማስመለስ ጋር ከመጣ እንቁላል ማምረቻው ተጠምዝዞ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ ሳትጠብቂ በሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።